ከምጣድ ሽቦ የተሠራ ማሲንቆ

እህቴ ከመርካቶ ገዝታ የላከችልኝ የምጣድ ሬዚስታንስ ሁለት ጥቅል ነበር። አንዱ ምጣዳችን ውስጥ ገባ። ሁለተኛውን ባለቤቴ ለመጠባበቂያ ብላ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው፤ እኔ አወረድኩት። ተስቦ፣ ተቃንቶ፣ ጣውላ ላይ ተወጥሮ ስታየው ብዙ ተናገረች። ከተናገረችው ውስጥ ለኅትመት የሚሆነው «እንግዲህ ምጣዱ ሲቃጠል ታንጎራጉርልኛለህ» ያለችው ብቻ ነው።

የምኖረው ሙኒክ ነው። እንጀራዬ የሊፍት ጥገና ነው። አባቴ ፒያሳ ሬዲዮ ይጠግን ስለነበር ማበየጃ የያዝኩት ከእርሳስ ቀድሜ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ወደ ሲንተሳይዘር የገባሁት ግን ዘግይቼ፣ አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ያስገባኝ አንድ ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ግድግዳ የሚያህል ሞጁላር ሲንተሳይዘር አለው።

ይህን ዕቃ ያላየ ሰው የድሮውን የስልክ ማዞሪያ ክፍል ያስብ። ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሰሌዳ፣ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው የተዘረጋ የገመድ ጫካ። ሰሌዳው ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ክፍሎች እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚያውቁት። አንዱ ድምፅ ያመነጫል፣ አንዱ ያጣራዋል፣ አንዱ ያጎላዋል ወይም ያደክመዋል። በገመድ ካላገናኟቸው ሁሉም ዝም ናቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተለመደው የክፍሎቹ ልክ የወጣው እዚሁ ሙኒክ ዳር፣ ግሬፍልፊንግ ከሚገኘው ዶፕፈር ከተባለ አነስተኛ ድርጅት ነው፤ ኤ-100 የተባለውን ሥሪቱን ያወጣው በ1995 ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ክፍሎቹ የሚግባቡበት ቋንቋ ቮልቴጅ ነው። ድምፅ አመንጪው አንድ ቮልት ሲጨመርለት ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ፒያኖ ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ስለሚከፍለው የአንዷ ደረጃ ድርሻ 83 ሚሊቮልት ከምናምን ነው። ይህችን 83 አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ታዲያ ያ ሁሉ ግድግዳ አንድ ነገር ይጎድለዋል። እጅ የሚያርፍበት የለውም። ድምፁ መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ እንደሚል የሚነግረው ዕቃ ለብቻው መጥቶ ይሰካበታል። ፈረንጆቹ ኮንትሮለር ይሉታል፤ እኔ ማዘዣ ብየዋለሁ። አብዛኛው ሰው ገዝቶ የሚሰካው ማዘዣ ኪቦርድ ነው። እኔ ከኪቦርድ ጋር የቆየ ቂም ስላለኝ ሌላ ፈለግሁ።

ቂሙ የሚጀምረው ከአባቴ ሱቅ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ሬዲዮ የሚያመጣ ደንበኛ እየቀነሰ ኪቦርድ የሚያመጣ በዛ። የነፋስ መሣሪያው ጓድ፣ ባለ ሙሉ ባንዱ እየቀረ፣ አንድ ሰው ኪቦርድ ታቅፎ ሠርግ የሚያሞቅበት ዘመን ነበር። አባቴ ጠግኖ ሲጨርስ የሚሞክረው በአንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ አንቺሆዬ ቅኝት ነው። ይነካካል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ያጠፋዋል። አንድ ቀን ምን ሆኖ እንደሆነ ስጠይቀው «ዕቃው ደህና ነው። አማርኛ ይናገራል፤ ግን በፈረንጅ አፍ ነው» አለኝ። የዚያን ጊዜ አልገባኝም። ደንበኛው ግን ገብቶት ኖሮ «ጋሼ፣ እሱን እኮ ማንም አይሰማውም» አለውና ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ።

ፍርዴ ጠንካራ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባሉ ሲንተሳይዘሮች ደራርቦ የቀዳው ካሴት ዛሬም ሲሰማ ሆድ ይበላል። የእሱ ጣት ከቁልፉ ያወጣው ከቁልፉ በላይ ነው። ቅሬታዬ ከተጫዋቹ ሳይሆን ከቁልፉ ነው። በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ቦታ በር የለውም።

በር የነበረው ዕቃ ቀድሞ ተሠርቶ እንደነበር ያወቅሁት ልጄን ይዤ ዶይቸስ ሙዚየም በሄድኩበት አንድ እሑድ ነው። ልጄ አውሮፕላን ልታይ ነው የመጣችው። እኔ ስለ ትራውቶኒየም ካነበብኩ በኋላ ቆሜ ቀረሁ።

ትራውቶኒየም በ1930 በርሊን ውስጥ በሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤቱ የሬዲዮ መሞከሪያ ክፍል፣ ፍሪድሪኽ ትራውትቫይን በተባለ መሐንዲስ የተሠራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ቁልፍ የለውም። ከአንድ ረጅም የብረት ሐዲድ በላይ፣ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ፣ ተከላካይ ሽቦ ተወጥሯል። ጣት ሽቦውን ሲጫነው ሽቦው ሐዲዱን ይነካል፤ የተነካበት ቦታ የድምፁን ከፍታ ይወስናል። ጣቱ ሲንሸራተት ድምፁም አብሮ ይንሸራተታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጀርመን አገር፣ በሬዲዮ መብራት የሚሠራ፣ ባለ አንድ ክር ማሲንቆ።

ያኔ በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ መምህር የነበረው ፓውል ሂንደሚት ወዲያው ለሦስት ትራውቶኒየም የሚሆኑ አጫጭር ሥራዎች ጻፈለትና በዚያው ዓመት በጋ ላይ አደባባይ ወጡ። ከተጫወቱት አንዱ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ተማሪ ኦስካር ዛላ ነበር። ዛላ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2002፣ ከዚሁ መሣሪያ አልተለየም። እያሻሻለ፣ እየቀጠለ፣ ለብቻው እየተጫወተ ከ70 ዓመት በላይ ኖረበት። በ1963 የወጣውን «ዘ በርድስ» የተባለውን የአልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም ያየ ሰው ዛላን ሰምቶታል፤ ሰዉን የሚያሸብረው የወፎች ጩኸት ከትራውቶኒየም ወጥቷል። ንብረቱም በውርስ የተላለፈው ለዚሁ ሙኒክ ላለው ሙዚየም ነው።

ቴሌፉንከን በ1933 ትራውቶኒየምን ለየቤቱ ብሎ ገበያ ላይ አውሎት ነበር። አልተሸጠም። ለምን እንዳልተሸጠ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ፒያኖ ያለው ቤተሰብ ልጁን ቁልፍ አስለምዷል፤ ሽቦ ላይ ቦታ መፈለግ ጆሮ ይጠይቃል፣ ጆሮ ደግሞ በሱቅ አይሸጥም። ሠሪዎቹም ይህን ስላወቁ ነው መሰለኝ ሽቦው ላይ በተወሰነ ርቀት ቆዳ የለበሱ ምላሶች አደረጉለት፤ ተጫዋቹ ሳይደናበር ቦታውን በዳበሳ እንዲያገኝ።

ከትራውቶኒየም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1928 ፓሪስ ላይ፣ ሞሪስ ማርትኖ የራሱን አሳይቶ ነበር። ማርትኖ ቼሎ ተጫዋች ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። ሁለቱን ሙያ አዳቅሎ የሠራው መሣሪያ ኦንድ ማርትኖ ይባላል። ቀኝ ጠቋሚ ጣት ላይ ቀለበት ይገባል፣ ቀለበቱ ከተዘረጋ ክር ጋር ታስሯል፣ እጅ ግራና ቀኝ ሲሄድ ድምፁ ይወጣል ይወርዳል። እኔን የገረመኝ ግን ግራ እጁ ነው። የድምፁን ጉልበት የሚያዝዝ አንድ ቁልፍ አለ፤ ከቁልፉ ሥር ትንሽ የቆዳ ከረጢት አለች፤ ከረጢቷ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍና የማያሳልፍ ዱቄት ተደባልቆ ተሞልቷል። ከረጢቷን በተጫኗት ቁጥር ዱቄቱ ይጠቀጠቅና ኤሌክትሪኩ ይበልጥ ያልፋል፤ ድምፁ ይጎላል። የቼሎ ደጋን ክብደት በዱቄት ተተካ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ለእጅ የተጠነቀቀ ዕቃ አላየሁም።

ማርትኖም ግን ከቀለበቱ ሥር የፒያኖ ቁልፍ ሥዕል ሥሏል። ቆይቶ እውነተኛ ቁልፍም ጨመረበት፤ ቁልፎቹ ግራና ቀኝ ሲወዛወዙ ድምፁን የሚያንቀጠቅጡ መሆናቸው እንደ ካሳ ይቆጠርለታል። ሁሉም እንዲህ ናቸው። ፖል ታነር የተባለ አሜሪካዊ ትሮምቦን ነፊ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ወዳጁ ጋር የሠራው መሣሪያ አለ፤ በ1966 በቢች ቦይስ «ጉድ ቫይብሬሽንስ» ዘፈን ላይ የሚያፏጨው እሱ ነው። እጀታ እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ሲሆን፣ ተጫዋቹ ቦታው እንዳይጠፋው እዚያም የቁልፍ ሥዕል አለ። ሰው ከቁልፍ ሸሽቶ ሸሽቶ፣ የደረሰበት ቦታ ላይ ቁልፍ ይሥላል።

መሣሪያ ቤታቸው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አባት ማን ነው ብባል ሂዩ ለኬን እላለሁ። ካናዳዊ የፊዚክስ ሰው ነው፤ ቀን ቀን ኦታዋ በሚገኘው ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ይሠራ ነበር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ራዳር ላይ። ከሥራ ሲመለስ ግን በ1945 ቤቱ ውስጥ «ኤሌክትሮኒክ ሳክበት» ያለውን ይቀጣጥል ጀመር። ሳክበት የትሮምቦን ቅድመ አያት ነው፤ የሚንሸራተት ዕቃ ስም ለቁልፍ መሣሪያ መስጠቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ቁልፎቹን ጠበቅ አድርገው ሲጫኗቸው ድምፁ ይጎላል፤ ወደ ጎን ሲገፏቸው ድምፁ ይጎብጣል፤ ግራ እጅ የድምፁን መልክ ይለዋውጣል። ድምፅን በቮልቴጅ ማዘዝ የሚለው ሐሳብም እዚህ ነው መጀመሪያ በሙዚቃ መሣሪያ ላይ በቅጡ የታየው፤ ሙግ ከመምጣቱ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቀድሞ። ለኬን ግን ሻጭ አልነበረም።

ሮበርት ሙግ ሻጭ ነበር፤ ይህን በክፉ አይደለም የምለው። ከልጅነቱ ከአባቱ ጋር ሆኖ ቴርሚን ሲሠራ ነው ያደገው፤ ቴርሚን ማለት ሩሲያዊው ሌቭ ቴርሜን በ1920 አካባቢ የፈጠረው፣ እጅ ሳይነካው አየር ላይ በማንዣበብ የሚያዜም ዕቃ ነው። ሙግ ተማሪ ሳለ ሰው ቤቱ ወስዶ የሚገጣጥመውን ቴርሚን በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በኅዳር 1963 ሮቸስተር ላይ የሙዚቃ አስተማሪ ከነበረው ከኸርበርት ዶይች ጋር ተገናኙ። በቀጣዩ በጋ ትሩማንስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀምጠው የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ሠሩ።

ከዚያ በጋ የምወዳት አንዲት ታሪክ አለች። ዶይች የሚወጣው ድምፅ ደርቆበታል። ይጀምራል፣ እስኪቋረጥ ድረስ እንዳለ ይቀጥላል፣ ይቆማል። እሱ የፈለገው ሲመቱት ብቅ ብሎ ቀስ እያለ የሚሞት ድምፅ ነው። ሙግ አሰበና ወደ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሄዶ የበር ደወል ቁልፍ እንዲገዛ ላከው። ቁልፏ መጣች፣ ተበየደች፤ ስትጫን ድምፁ ይወለዳል፣ ስትለቀቅ ይከስማል። ዛሬ የትኛውም ሲንተሳይዘር ላይ ያለው ኢንቨሎፕ የተባለው ክፍል መነሻው የበር ደወል ነው። በእኔ የምጣድ ሽቦ ለሚያፌዙ ሁሉ ይህችን እነግራቸዋለሁ።

ሙግ ረጅም ጥብጣብ መሳይ ማዘዣም ሠርቷል፤ ጣት እየሮጠበት የሚጫወቱት። ለቢች ቦይስ መድረክ ላይ የሚይዙትን አንድ አበጅቶላቸዋል፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኪት ኤመርሰንም መድረክ ላይ ሲያንገላታው ኖሯል። ያሸነፈው ግን ኪቦርዱ ነው። ማዞሪያና ገመድ ብቻ ያለበት ሰሌዳ ፎቶግራፍ ሲነሣ የኃይል ማመንጫ ይመስላል፤ ከሥሩ ኪቦርድ ካለ ሙዚቃ መሆኑን ሕፃንም ያውቀዋል። በ1968 ዌንዲ ካርሎስ የባኽን ሥራዎች በሙግ ተጫውታ «ስዊችድ-ኦን ባኽ» ስትል ሽያጩ ጣሪያ ነካ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

በሌላኛው ዳርቻ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ዶን ቡክላ አሻፈረኝ ብሎ ነበር። የሙዚቃ ደራሲዎቹ ሞርተን ሱቦትኒክና ራሞን ሴንደር ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ 500 ዶላር ሰጥተውት የሠራላቸው መሣሪያ ኪቦርድ የለውም፤ በጣት የሚነኩ የብረት ገበታዎች ናቸው ያሉት። አዲስ ድምፅ በአሮጌ ቁልፍ ለምን ይዘጋል ባይ ነበር። ልቤ ከቡክላ ጋር ነው። የቡክላ ዕቃ ግን የባለ ጠጋ ዕቃ ነው፤ ለዚህም ነው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰርዥ ቼሬፕኒን ካሊፎርኒያ ውስጥ ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ ገንዘብ አዋጥተው ራሳቸው የሚበይዱትን ሲንተሳይዘር ያስጀመራቸው።

ወደ እኛ የሚመጣው ክር ግን ከእነዚህ ከማንኛቸውም አይደለም። ከካይሮ ነው።

ሃሊም ኤል-ዳብ ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበር፣ በ1921 የተወለደ። በ1944 ከካይሮ ሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መቅረጫ ተውሶ የሴቶች የዛር ሥርዓት ቀዳ። ዛር የሚለው ቃል ለጎንደር ሰው ትርጉም አያስፈልገውም። ከዚያም ስቱዲዮ ገብቶ ቅጂውን አጣራው፣ አስተጋባው፣ ቃላቱ ጠፍተው ድምፁ ብቻ እስኪቀር ቀጠቀጠው። ይህ የሆነው በመቅረጫ የሚሠራ ሙዚቃ ጀማሪ የሚባለው ፒየር ሼፈር ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ሥራዎቹን ከማውጣቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1959 ኤል-ዳብ ኒው ዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ-ፕሪንስተን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ይሠራ ነበር። እዚያ ክፍል ሙሉ የሚይዘው የአርሲኤ ሲንተሳይዘር ነበረ፤ ማዘዣው የተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ነው። እጅ የሚባል ነገር የለም፤ ወረቀት ትበሳለህ፣ ትጠብቃለህ።

ከዚያ ማዕከል የወጣው ሰው በ1962 አዲስ አበባ መጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ፣ በገናው፣ ከየአገሩ የመጣ ተጫዋች አንድ መድረክ ላይ ተቀመጠ። ኋላ ሌሎች ሲረከቡት፣ በመጨረሻም ተስፋዬ ለማ ሲመራው፣ ቡድኑ በ1969 አሜሪካን ዞሮ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ እስከ መቅረብ ደርሷል።

እኔ የማስበው 1963ን ነው። ሙግና ዶይች ሮቸስተር ላይ ይተዋወቃሉ። ዛላ በርሊን ላይ በሽቦ ያስጮሃቸው ወፎች በፊልም ይሰማሉ። በዓለም ትልቁን ሲንተሳይዘር ያየው ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ባለ አንድ ክር ማሲንቆ ፊት ተቀምጦ ያዳምጣል። ሲንተሳይዘሩንና ማሲንቆውን ያገናኘ ሰው ያኔ ቢኖር ማዘዣውን ከማን እንደሚማር ክርክር አይኖርም ነበር ባይ ነኝ። ሙላቱ አስታጥቄ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2000ዎቹ አሜሪካ ሳለ፣ የባህል መሣሪያዎቻችንን በማዘመን ላይ ሠርቷል፤ ጉዳዩ እስከዚያ ድረስ ተቀምጦ ቆየ።

አሁን ወደ ምጣዱ።

የምጣድ ሬዚስታንስ ጥምዝ ነው፤ መጀመሪያ መቃናት አለበት። አንዱን ጫፍ በፒንሳ፣ ሌላውን በር እጀታ ላይ አስሬ ሳብኩት፤ እንደ ከርዳዳ ጠጉር እየተመለሰ አስቸገረኝ። ኋላ ኤሌክትሪክ አሳልፌበት ቀላ ሲል ስስበው ሐሳቡን ለወጠ። (እቤት አትሞክሩት ማለት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።) 60 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ ጣውላ ላይ ወጠርኩት፤ ከሥሩ ካንድ የመጋረጃ ዘንግ የተረፈ ጠፍጣፋ አሉሚኒየም አደረግሁ። ሽቦውና አሉሚኒየሙ እንዳይነካኩ ጫፍና ጫፉ ላይ ክብሪት እንጨት። በሽቦው 100 ሚሊአምፔር አሳልፋለሁ፤ ጣት ሲጫን አሉሚኒየሙ የዚያን ቦታ ቮልቴጅ ያነሣል።

ችግሩ የምጣድ ሽቦ ለሙቀት እንጂ ለዜማ አልተሠራም። ወፍራም ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ኦም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማገኘው ቮልቴጅ ከ100 ሚሊቮልት በታች ነው። ያንን አጉልቼ 5 ቮልት፣ ማለትም 5 ኦክታቭ፣ ማድረግ አለብኝ። ስታጎላ ስሕተቱም አብሮ ይጎላል። መጀመሪያ ያስገባሁት ርካሽ ማጉያ ክፍሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቅኝቱን ይዞ ይንሸራተት ነበር። ማታ የቃኘሁት ትዝታ ጠዋት ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቀኛል። ለልኬት ዕቃ የሚሆን ኦፒ-07 የተባለ ማጉያ ስተካበት ረጋ።

ሁለተኛው ችግር መልቀቁ ነው። ጣት ሲነሣ አሉሚኒየሙ ባዶ ይቀራል፤ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ድንጋይ ወደ ታች ይምዘገዘጋል። ጣት በተነሣበት ቅጽበት የመጨረሻውን ቮልቴጅ ይዞ የሚቆይ ኮንደንሰር ጨመርኩ። ይህን አንድ ነገር በትክክል ለመሥራት የፈጀብኝ ጊዜ ሌላው ሁሉ ተደምሮ ከፈጀው ይበልጣል።

ፍራንክፈርት የሚኖር ማሲንቆ ተጫዋች ወዳጅ አለኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ነው። በጾም ወቅት ሠርግ ሲጠፋ መጣልኝ። ዕቃውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማሲንቆ ነው በለው።»

«ጭራውስ?»

«ጭራ የለውም። የምጣድ ሽቦ ነው።»

«ቆዳውስ?»

«ቆዳም የለውም።»

«እንግዲያ ማሲንቆነቱ ምኑ ላይ ነው?» ብሎ ተቀመጠ።

ማሲንቆ ሲጫወት ያየ ሰው እንደሚያውቀው ጣት ጭራውን እስከ እንጨቱ አይጫነውም። ከጎን ዳሰስ ነው የሚያደርገው። ወዳጄም ሽቦዬን ከጎን ዳሰሰው። ዝም። አሉሚኒየሙን አልነካማ። «ተጫነው» አልኩት። ሲጫነው ጮኸ፤ ፈገግ አለ፣ አንድ ዜማ ጀመረ፤ ወዲያው ፊቱ ተኮሳተረ። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ድምፁ እየጎደለ፣ ከሚፈልገው በታች እየቀረ ነው። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሦስቱም ያው።

እኔ ጥፋቱ የማጉያው መስሎኝ መፍቻ አነሣሁ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ጥፋት የለም። በእውነተኛ ክር ላይ ወደ ላይ ስትወጣ ርቀቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ኦክታቭ የመጀመሪያውን ግማሽ ነው የሚይዘው። በእኔ ሽቦ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ኦክታቭ እኩል ነው፣ 12 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ቮልት። የወዳጄ እጅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተማረው መጥበብን ነው። እኔ እንደ ፒያኖ እኩል እኩል አድርጌ ሠርቼበታለሁ። ከቁልፍ ሸሽቼ፣ ሳላውቀው፣ የቁልፍን ልክ ሽቦ ላይ ዘርግቻለሁ። በማርትኖ ስስቅ ከርሜ!

«አስተካክለዋለሁ፣ ወደ ላይ እንዲጠብ አደርገዋለሁ» አልኩት።

«ተወው፤ እጅ ይለምዳል። ይልቅ ሰፋ አድርገው፣ ጣቴ ተጨናነቀ።»

ማጉያውን ቀንሼ 60 ሳንቲ ሜትሩን ለሁለት ኦክታቭ ብቻ ሰጠሁት። አንድ ሰዓት ያህል ተለማመደ። ከዚያ ሳልጠይቀው አንቺሆዬ ገባ። ያኔ ነው ቮልት መለኪያውን የሰካሁት። የመጀመሪያውን እርምጃ፣ ኪቦርድ ቢሆን 83 የሚሆነውን፣ ወዳጄ አንድ ጊዜ 96፣ አንድ ጊዜ 101 ሚሊቮልት ላይ አስቀመጠው። ደጋገምን። 83 ላይ አንድም ጊዜ አልቆመም። በእሱ ጆሮ ስሕተት የለም፤ እንዲያውም 83 ላይ አድርጌ ሳሰማው «ይሄ የኪቦርዱ ነው» አለኝ ሳላየው።

የአባቴ የፈረንጅ አፍ እንግዲህ ከ13 እስከ 18 ሚሊቮልት ነው። አባቴ በሕይወት የለም፤ ቢኖር ቁጥሩን እነግረው ነበር።

ምልክት ማድረግ ግድ ሆነ፤ እኔ ያለ ምልክት አልችልም። የቁልፍ ሥዕል ግን አልሣልኩም። ወዳጄ ጣቱን ያሳረፈባቸውን ቦታዎች በልጄ ቀይ የጥፍር ቀለም ጣውላው ላይ ነጠብጣብ አደረግሁባቸው። እኩል አይደሉም። ሁለቱ ተጠጋግተዋል፣ አንዱ ብቻውን ርቆ ቀርቷል። ጀርመናዊው ባልደረባዬ አይቶ ማስመሪያ ሊያመጣልኝ ፈለገ።

ዕቃው አሁንም ወጥ ቤት ነው ያለው። ምጣዱ ሲበራ የመብራቱ 50 ኸርዝ እየገባበት ያጉረመርማል፤ ስለዚህ ቅዳሜ እንጀራ ሲጋገር አይጫወቱበትም። የምጣዱ ሬዚስታንስ ባለፈው ወር ተቃጥሏል። እህቴ ሌላ ሁለት ጥቅል ልካለች፤ አንዱን ባለቤቴ የት እንዳስቀመጠችው አልነገረችኝም።